አመድና ኖራ

ቅዳሜ ጠዋት ዓቢዳ ፊቷን ከመታጠቧ በፊት ምድጃው አጠገብ ተንበረከከች። የማታው እንጨት ነድዶ አልቆ አመዱ ቀዝቅዟል። በቆርቆሮ ቁራጭ እያፈሰች ባዶ የዘይት ጣሳ ውስጥ ጨመረችውና ከሰሉን አንድ በአንድ ለቅማ አወጣች። አሰልጣኟ ጋሽ ወልዴ ለሜዳው መስመር ከሰል ያለበት አመድ አይቀበሉም። «ይኼ መስመር ነው ወይስ የጉንዳን ሰልፍ?» ብለው ጣሳውን ይመልሱባታል።

«ዛሬም አመድ?» አለች እናቷ ከመኝታዋ ሳትነሳ። «የሰው ልጅ ኳስ ሊጫወት ሲሄድ ኳስ ይይዛል።»

«ኳሱን እሳቸው ይይዛሉ፣ እማ።»

«እንግዲያስ ፊትሽን ታጠቢ። ምድጃ ውስጥ ያደረች ድመት መስለሻል።»

ታጠበች። ሻርፗን አጥብቃ አሰረች፤ ረጅሙን የስፖርት ሱሪዋን ለበሰች፤ ጣሳውን በፌስታል ሸፍና ወጣች። የመርሳ ከተማ ገና እየነቃች ነበር። ከደሴ የሚመጡት መኪኖች አልደረሱም፤ ሱቆቹም ግማሽ በር ብቻ ነው የከፈቱት። ባጃጅ ተራው ጋ የሚቆሙት ልጆች ግን ነቅተዋል።

«አመድ አፋሿ መጣች!»

«ዓቢዳ፣ በዚያው የኛንም ምድጃ ጥረጊልና!»

አልመለሰችላቸውም። አምና ቢሆን ትመልስ ነበር። ዘንድሮ አስራ አምስት ዓመት ሞልቷታል፤ ከስድቡ ይልቅ ስድቡን ማን እንደሰማ ነው የምታየው።

ወደ ኮሌጁ በሚወስደው መታጠፊያ ላይ ጓደኛዋ ሔዋን ቆማ ጠበቀቻት። የሔዋን ጣሳ ሩቡም አልሞላም።

«እኛ ቤት የሚበስለው በኤሌክትሪክ ነው ብላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ከጎረቤት ለምኚ!› እኔ! አመድ ልለምን!»

«ለመንሽ ታዲያ?»

«ለመንኩ» አለች ሔዋን፤ ሁለቱም እየሳቁ ወደ ሜዳው ሮጡ።

ግራር ሜዳ ኮሌጅ በከተማው ዳር ያለ፣ አራት ብሎክና አንድ ሜዳ ብቻ ያለው ትንሽ ኮሌጅ ነው። ጋሽ ወልዴ እዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ሲቀጠሩ ደብዳቤያቸው ላይ የተጻፈው «የእግር ኳስ አሰልጣኝ» የሚል ነበር። የመረብ ኳሱ አሰልጣኝ ሲዛወር የመረብ ኳሱንም ያዙ። አትሌቲክሱ ሰው ሲያጣ ሯጮቹንም ተረከቡ። የእጅ ኳስ ይጀመር ሲባል ደንቡን ከመጽሐፍ አጥንተው ለተማሪዎቹ አስተማሩ። የቴኒሱን ጠረጴዛ አናጢው ጋ ቆመው ያሠሩት እሳቸው ናቸው፤ መረብ ሲቀደድም በሲባጎ የሚሰፉት እሳቸው ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ የግቡ ብረት ተነቅሎ ተወሰደ። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲመለስ እሳቸው ባሕር ዛፍ ቆርጠው ግብ አቆሙ፤ እስከ ዛሬም ያው ባሕር ዛፍ ነው። ዋንጫ ብዙ አላመጡም። ያሰለጠኗቸው ልጆች ግን ከውርጌሳ እስከ ወልድያ በየቢሮው፣ በየጋራዡና በየእርሻው አሉ። መንገድ ላይ ሲያይዋቸው ከተቀመጡበት ይነሳሉ።

የከተማውንና የአካባቢውን ልጃገረዶች ቅዳሜ ቅዳሜ ማሰልጠን የጀመሩት ማንም አዟቸው አይደለም። በየቤቱ እየሄዱ አባቶችን ለምነው ነው። ግብ ጠባቂዋን ዘሀራን ለማስፈቀድ ሁለት ዓመት ሲሪንቃ ተመላልሰዋል። አባቷ አብዱልሐሊም ገበሬ ናቸው፤ ቁጥብና ቃል የሚወዱ ሰው። በመጨረሻ የፈቀዱት ጋሽ ወልዴ «እንደወሰድኳት እመልሳታለሁ» ብለው በአላህ ስም ቃል ከገቡላቸው በኋላ ነው።

አመዱ ደግሞ የሥራቸው መጀመሪያ ነው። ልጆቹ ያመጡትን በአሮጌ ወንፊት ይነፋሉ። ከዚያ ሁለት ችካል ተክለው ገመድ ይወጥራሉ፤ ታቹን በምስማር በተበሳ ጣሳ አመዱን እያርገፈገፉ ወደ ኋላ ይራመዳሉ። መስመሩ ሲያልቅ ጋሽ ወልዴ ሜዳውን ሙሉ ይዞራሉ፤ እያንዳንዱን መስመር በጫማቸው ጫፍ ነካ እያደረጉ ያያሉ። ሳይዞሩ ፊሽካ ነፍተው አያውቁም።

የዚያን ቀን ዙረታቸውን ጨርሰው ሲመጡ፣ «ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተዘጋጁ» አሉ። «የወልድያ ልጆች ሊገጥሟችሁ ይመጣሉ።»

ልጆቹ ጮኹ። ዓቢዳ ግን መስመሩን አየች። ግራጫ ነው፤ ከአፈሩ እምብዛም አይለይም። የወልድያዎቹ ቁጥር ያለው ማሊያ እንዳላቸው ሰምታለች።

«ጋሼ፣ በኖራ ብንቀባውስ?» አለች። ለምረቃው በዓል የግቢው ድንጋይና የዛፉ ግንድ ሁሉ በኖራ እየተቀባ ነበር።

«ኖራ ለግድግዳ ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ፤ ኳሱን ወደ ሜዳ ወረወሩ።

*

ዓርብ ከሰዓት ዓቢዳና ሔዋን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በኮሌጁ መጋዘን በኩል አለፉ። መጋዘኑን የሚጠብቁት የሔዋን አባት አቶ ንጉሴ ናቸው። ውርጌሳ ለቅሶ ስለነበረባቸው ቁልፉን ለሔዋን ሰጥተዋት ሄደዋል። «ቀለም ቀቢዎቹ ከመጡ ክፈቺላቸው፤ ለሌላ ሰው እንዳትከፍቺ» ብለዋታል።

«ኖራው እዚህ ነው ያለው አይደል?» አለች ዓቢዳ።

«አለ። አስር ከረጢት ይሆናል።»

«አንድ ጣሳ ቢጎድል ማን ያውቃል?»

ሔዋን ቆመች። «ጋሽ ወልዴ እምቢ ብለዋል እኮ።»

«እምቢ አላሉም። ለግድግዳ ነው ነው ያሉት። ሼባው ቁጠባ ስለሚወዱ ነው። አስቢው፣ ልጆቹ ከመኪና ሲወርዱ መስመራችን እንደ ቴሌቪዥን ነጭ ሆኖ ሲያዩት! በአመድ አይተውን ወልድያ ድረስ ሙድ ሲይዙብን ከሚኖሩ።»

ሔዋን ግራና ቀኝ አየች። ቁልፉን ከኪሷ አወጣች።

ሌሊት ዘነበ። ጎህ ሲቀድ ሣሩ ርሶ ነበር። ጋሽ ወልዴ እንግዶቹን ሊቀበሉ ዋናው መንገድ ወርደዋል፤ መስመር ማውጣቱን እንደ ሁልጊዜው ለሁለቱ ትተዋል። ዓቢዳ ጣሳውን ይዛ ወደ ኋላ ተራመደች። ነጩ መስመር ከእግሯ ሥር እየተዘረጋ ሲወጣ፣ ከትንፋሿ ጋር አንድ የሆነ መሰላት። እንደዚያ ቀጥ ያለ መስመር አውጥታ አታውቅም።

«እጄን እያቃጠለኝ ነው» አለች ሔዋን።

«ታጠቢውና ቅባት ቀቢው። ኧረ ባክሽ፣ ዛሬ አትነጫነጪ።»

የወልድያ መኪና መንገድ ላይ ጎማው ፈንድቶ አንድ ሰዓት ተኩል ዘገየ። ጋሽ ወልዴ እንግዶቹን ይዘው ሲደርሱ ፀሐይዋ ጠንክራለች። አብሯቸው የመጣው የስፖርት ቢሮ ሰው ሰዓቱን እያየ «ቶሎ ይጀመር፣ ቶሎ ይጀመር» ይላል። ጋሽ ወልዴ ከሜዳው ጫፍ ላይ ቆመው መስመሩን ከሩቅ አዩት።

«ዛሬስ አምሮበታል» አሉ።

ፊሽካውን ነፉ።

ገና ሃያ ደቂቃ አልሞላም። የወልድያዋ አጥቂ ከቅርብ መታች፤ ዘሀራ ወደ ግራ ተወረወረች። ኳሷንም ግቡ መስመር ላይ ያዘቻት። ተመልካቹ ሲያጨበጭብ፣ ደረቷና ፊቷ በእርጥቡ ሣር ላይ፣ በነጩ መስመር ርዝመት ሲንሸራተት ዓቢዳ አየች። ጭብጨባው ሳያልቅ ዘሀራ ጮኸች።

ጋሽ ወልዴ የውሃ ጀሪካን ይዘው ሮጡ። ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አድርገው ውሃውን አፈሰሱባት። «ግለጪው፤ ልጄ፣ ዓይንሽን ግለጪው። አብሽሪ፣ ግለጪው» ይሉ ነበር። ጀሪካኑ ሲያልቅ ሌላ አመጡላቸው። በመሐል እጃቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ከዚያ መስመሩን አዩ። ከዚያ በኋላ ማንንም አላዩም።

ዘሀራን አቅፈው በባጃጅ ወሰዷት። ከመርሳ ወደ ወልድያ፣ ከወልድያ ወደ ደሴ ተላከች። ጋሽ ወልዴ አራት ቀን ደሴ አድረው ተመለሱ። ሐኪሞቹ የቀኝ ዓይኗ ይድናል ብለዋል። የግራው አይድንም።

*

በተመለሱ ማግስት የኮሌጁ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ዲኑ፣ ሁለት መምህራንና ማስታወሻ የምትይዝ ጸሐፊ ተቀምጠዋል። ጋሽ ወልዴ ጥግ ላይ፣ እንደ ተማሪ ወንበር ላይ ሆነው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ዓቢዳና ሔዋን ቆመዋል።

«ኖራውን ማን ነው ያወጣው?» አለ ዲኑ።

ሔዋን አለቀሰች። አባቷ ቁልፍ ለልጅ መስጠታቸው ከታወቀ ከሥራ ይባረራሉ፤ ይህን ማታውን ለዓቢዳ ስትነግራት ነው ያመሸችው። «ጋሽ ወልዴ ናቸው አምጥተው የሰጡን» አለች። «በሱ ቀቡት አሉን።»

ዓቢዳ ይህን አልጠበቀችም። ሔዋን ዝም ትላለች ብላ ነበር ያሰበችው። ጋሽ ወልዴን አየቻቸው፤ ግድግዳውን ነው የሚያዩት።

«አንቺስ?» አለ ዲኑ። «ጓደኛሽ ያለችው እውነት ነው?»

ዓቢዳ ደነገጠች። ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች፤ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ሲደፋበት እንደሚስበው። እኛ አገር ግን «አዎ» ለማለት አፍ መክፈት አያስፈልግም። ትንፋሽ ሳብ ማድረግ ይበቃል።

ጸሐፊዋ ጻፈች። ዓቢዳ የእስክሪብቶውን ድምፅ ሰማች። አፏን ልትከፍት ጊዜ ነበራት፤ ጸሐፊዋ መስመሩን ጨርሳ፣ ነጥብ አድርጋ፣ ወረቀቱን እስክትገለብጥ ድረስ ጊዜ ነበራት።

«ጋሽ ወልዴ፣ የሚሉት ነገር አለ?»

ጋሽ ወልዴ ተነሱ። «መስመሩን ሳልዞር ጨዋታ አስጀምሬያለሁ» አሉ። «ኃላፊው እኔ ነኝ።» መልሰው ተቀመጡ።

ሰኞ ደብዳቤው ወጣ። ከሥራ ተሰናብተዋል ይላል። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ነበር የቀራቸው።

ዓቢዳ ያን ሰሞን ለራሷ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኔ አዎ አላልኩም። ደንግጬ ነው እንጂ አዎ አላልኩም። ሂሳብ ስታጠና ትለዋለች፣ ስትሰግድ ትለዋለች። እሮብ ዕለት ግን ጋሽ ወልዴ ዕቃ እያስረከቡ ነው ሲባል ሰማችና እግሯ ወደ ኮሌጁ ወሰዳት።

ክፍላቸው ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። በሩ ክፍት ነበር። የሚረከቡት አቶ ንጉሴ ናቸው፤ የሔዋን አባት። ቅጹን በእጃቸው ይዘው አቀርቅረዋል፤ እየጠሩ ይመዘግባሉ እንጂ ጋሽ ወልዴን ቀና ብለው አያዩም።

«መረብ፣ ሁለት። ችካል፣ ስምንት። ኳስ፣ አስራ አንድ።» ቅጹን ወደ ፊታቸው አስጠጉ። «ፊሽካ… አንድ ፊሽካ ይጎድላል፣ ጋሽ ወልዴ።»

ጋሽ ወልዴ ፊሽካውን ከአንገታቸው አወጡ። ገመዱ ከላብ ብዛት ጠቁሯል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አቶ ንጉሴ ፈረሙ፤ ለዓቢዳ ሰላምታ ሳይሰጡ አልፈዋት ወጡ።

«ግቢ» አሉ ጋሽ ወልዴ። «የምትቀመጪበት ግን የለም። ወንበሩንም አስረክቤያለሁ።»

ዓቢዳ በሩ ላይ ቀረች። «ጋሼ፣ ሐሳቡ የኔ ነው። ኖራ እንቀባ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ሔዋን መስመር ስታወጣ ወደ ግራ ታዘነብላለች፤ ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ። ያ መስመር ግን ቀጥ ያለ ነበር። ጥሩ መስመር ነበር።»

ዓቢዳ እንባዋ መጣ።

«አታልቅሺ። ለምን በኖራ እንደማይቀባ፣ ውሃ ሲነካው ዓይን እንደሚያጠፋ ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር። ‹ለግድግዳ ነው› ብዬ ኳስ ወረወርኩ። ልጅ ምክንያቱን ካልነገሯት የራሷን ምክንያት ትፈጥራለች። ይኼን ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ አላወቅኩም ማለት ነው።»

«ለኮሚቴው ልንገራቸው።»

«ተይው። ንጉሴ አምስት ልጅ አለው። እናንተንም ከትምህርት ያባርሯችኋል። እኔ እንደሆነ ጨርሻለሁ።»

«ግን አዘዙ ተብሎ ነው የተጻፈው!»

ጋሽ ወልዴ ከግድግዳው ላይ አሮጌ የቡድን ፎቶ አውርደው አቧራውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«መባረሩ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «አብዱልሐሊም እኔ ያዘዝኩ ይመስለዋል። እያወቅኩ የልጁን ዓይን በኖራ… ሦስት ጊዜ ሲሪንቃ ሄድኩ። በሩን አልከፈተልኝም። ሰላምታዬን ከግቢው ውስጥ ሆኖ እየሰማ አልመለሰልኝም። የወሎ ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሰላምታ አይነፍግም እኮ፣ ዓቢዳ። ጠላቱን እንኳ አይነፍግም።»

ከዚያ ያሉትን እንደተጸጸቱበት ሁሉ ፎቶውን በጋዜጣ ጠቀለሉ። «በይ ሂጂ። ፈተና ደርሶብሻል።»

በማግስቱ ሐሙስ ደሴ ወዳለችው እህታቸው ዘንድ ሄዱ። የሸኛቸው ሰው አልነበረም፤ የሚሄዱበትን ሰዓት ለማንም አልተናገሩም።

*

«አትናገሪም» አለች ሔዋን። ቅዳሜ ነበር፤ ሜዳ የሚሄድ ስለሌለ ሁለቱም የሔዋን ቤት ጓሮ ተቀምጠዋል። «ዓቢዳ፣ ሙች በይኝ። አባቴ ይታሰራል።»

«ጋሽ ወልዴስ?»

«እሳቸው ለጡረታ አንድ ዓመት ነበር የቀራቸው። አባቴ ግን ገና አስራ አምስት ዓመት ይሠራል። አንቺው ቁጠሪው! ማን ነው የበለጠ የሚጎዳው?»

«እኔ መቁጠር አልፈልግም።»

«አዎ፣ ምክንያቱም ሐሳቡ ያንቺ ነው! ‹እንደ ቴሌቪዥን ነጭ› ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ ቁልፍ ነው ያወጣሁት። ደግሞ ሲጠይቁሽ አዎ ብለሻል።»

«አላልኩም፤ ደንግጬ…» አለች ዓቢዳ፤ አልጨረሰችውም። ሔዋን እያየቻት ነው። ሁለቱም እዚያ ክፍል ውስጥ ነበሩ።

«ብያለሁ» አለች ዓቢዳ። «አዎ ብያለሁ።»

ተነስታ ወጣች። ሔዋን አልተከተለቻትም፤ ከዚያን ቀን ወዲህም መታጠፊያው ላይ ቆማ አልጠበቀቻትም።

እሑድ ዓቢዳ በሚኒባስ ሲሪንቃ ወረደች። የእርሻ ምርምር ማዕከሉን አጥር ይዛ ሄዳ፣ ሰው ጠይቃ ቤቱን አገኘችው። አባ አብዱልሐሊም ግቢ ውስጥ ቀንበር እየጠገኑ ነበር። ዘሀራ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች፤ የግራ ዓይኗ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። የማን ልጅ ነሽ?»

ነገረቻቸው። ከዚያ ቆማ፣ ጣሳውንም፣ ቁልፉንም፣ ጎህ ሲቀድ ያወጣችውን መስመርም ነገረቻቸው። ኮሚቴው ፊት ያደረገችውንም አልዘለለችም። «ጋሽ ወልዴ አላዘዙም። እንዲያውም አትቀቡ ብለውን ነበር» ብላ ጨረሰች።

አባ አብዱልሐሊም መጥረቢያቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ሱብሃነላህ» አሉ ቀስ ብለው።

ቀጥላ የተናገረችው ዘሀራ ናት። «ሸቶኝ ነበር» አለች።

«ምን?»

«መስመሩ። ገና ግቡ ጋ ስቆም ሸቶኝ ነበር። አመድ እንደዚያ አይሸትም። ግን ያምር ነበር፤ ዝም አልኩ።» በአንድ ዓይኗ ዓቢዳን አየቻት። «አሁን ለምን መጣሽ? ይቅር እንድልሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ጥሩ። ምክንያቱም አልልሽም።»

«ዘሀራ!» አሉ አባቷ።

«አልላትም፣ አባ። ዛሬ አልላትም።» ተነስታ ወደ ቤት ስትገባ የበሩን መቃን በእጇ ዳበሰች፤ በአንድ ዓይን ርቀት መለካት ገና አልለመደችም ነበር።

አባ አብዱልሐሊም ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ አይተውት መልሰው ጨመሩት። «ሃያ ጊዜ ደውሎልኛል» አሉ። «አላነሳሁም። በራፌ ላይ ቆሞ ሰላም ሲለኝ ዝም አልኩት። ዓይኗ ቀደር ነው፣ የአላህ ነው። ያ ዝምታ ግን የኔ ነው። አሁን ደውዬ ምን እለዋለሁ?»

ቀንበሩን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

«ይኼን ለእኔ ብቻ ነው የነገርሽው ወይስ ለጻፉትም ሰዎች?»

«ለእርስዎ ብቻ።»

«እንግዲያስ ግማሹ ነው ልጄ» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ዓቢዳ ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። «ሰውየውን በወረቀት ነው የገደላችሁት። በወረቀት ካልሆነ አይነሳም። በወረቀትም መነሳቱን እንጃ።»

*

ሰኞ ጠዋት ዓቢዳ ደብተሯን ይዛ ከቤት ወጣች፤ ወደ ትምህርት ቤት ግን አልሄደችም። ኮሌጁ ገብታ ከዲኑ ቢሮ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። እናቷን ምን እንደምትላት አላሰበችበትም። ከትምህርት ሊያባርሯት ይችላሉ፤ አቶ ንጉሴንም ሊጠሯቸው ይችላሉ። ይህን ሁሉ ሌሊቱን አስባ ጨርሳዋለች፤ አንዱም አልቀለላትም።

ጸሐፊዋ ሦስት ሰዓት ላይ መጣች። ያን ቀን የጻፈችው ራሷ ናት።

«ምን ፈለግሽ?»

«ያን ቀን ‹አዎ ብላለች› ብለው ጽፈዋል። ብያለሁ። ውሸት ነበር።»

ጸሐፊዋ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች። «የጋሽ ወልዴን ጉዳይ ነው? ያ እኮ ተዘግቷል። ሰውየውም ሄደዋል።»

«አውቃለሁ። ወረቀት ይስጡኝ።»

«የኔ እህት፣ ምንም አይለወጥም። ለራስሽ መዘዝ ነው የምታመጪው።»

«ወረቀት ይስጡኝ» አለች ዓቢዳ ደግማ።

ጸሐፊዋ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥታ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አደረገችላት። ዓቢዳ ሙሉ ስሟን ከነአባቷና ከነአያቷ ጻፈች። ከሥሩ «ኖራ እንቀባ ያልኩት እኔ ነኝ» ብላ ጀመረች፤ ሌላውንም አስከተለች። የሔዋንን ስም መጻፍ ያለባት ቦታ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ከዚያ «መጋዘኑ ክፍት በነበረበት ጊዜ አወጣሁት» ብላ ጻፈችና አየችው። ይህም ውሸት ነው። ሰረዘችው። «ቁልፉን ከያዘችው ጓደኛዬ ጋር» ብላ ጻፈች፤ ስም አልጠራችም። ፈረመች።

ጸሐፊዋ ቁጥርና ቀን ሰጥታ ማህደሩ ውስጥ ከተተችው። ከስንብት ደብዳቤው በስተኋላ ገባ።

ጋሽ ወልዴ ከመርሳ ከሄዱ አራተኛ ቀናቸው ነው። ኮሌጁ አሰልጣኝ የለውም። ዘሀራ የግራ ዓይን የላትም።